ስንኝ አቀባዩ

እ.ኤ.አ. በጁን 1963 በኒውዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ የተቀዳውን የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የፒት ሲገርን ኮንሰርት ስሰማ ጆሮዬ የሚያርፈው በዘፈኑ ላይ ሳይሆን በሁለት ስንኞች መካከል ባለችው ክፍተት ላይ ነው። ሕዝቡ አንዱን ስንኝ ጨርሶ ትንፋሽ ሲስብ ሲገር የሚቀጥለውን በንግግር ድምፅ ቶሎ ብሎ ያቀብላል። ባንጆው አያቆምም፣ ምቱ አይዛነፍም፤ ሕዝቡም ግጥሙን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ይመስል ያነሣዋል። ጥቂት ቢዘገይ ሰው ይደናበራል፤ ጥቂት ቢቸኩል የቀደመውን ስንኝ ይረግጠዋል። እኛ ዘንድ፣ አዝማሪ ቤት፣ «ተቀበል!» የሚለው ታዳሚው ነው፤ ግጥሙን የሚቀበለው አዝማሪው። ሲገር ይህን ገልብጦ የያዘ ሰው ነው።

እውነቱን ለመናገር ድምፁ ድንቅ የሚባል አልነበረም። ሙያውን ሁሉ ሌላውን በሚያዘፍን ነገር ላይ ያፈሰሰው ለዚህም ይመስለኛል።

መሣሪያውን እንየው። ባንጆው አምስት ክር አለው። አምስተኛዋ ክር አጭር ናት፤ መቃኛዋም እንደ ሌሎቹ ከአንገቱ ጫፍ ሳይሆን ከጎኑ ተሰክታለች። ሲገር ለድምፁ የሚመች ዝቅ ያለ ቅኝት ፈልጎ አንገቱን አስረዘመና ሦስት ፍሬት ጨመረበት። ሲመታ አመልካች ጣቱ አንዱን ክር ወደ ላይ ይነጥቃል፣ ሌላው ጣት ክሮቹን ወደ ታች ይጠርጋቸዋል፣ አውራ ጣቱ አጭሯን ክር ነካ ያደርጋል። ዜማው የትም ቢዞር ያቺ ክር ያንኑ አንድ ድምፅ ትመልሳለች። አዲስ ዘፋኝ የሚደገፍባት ከዘራ በሏት። ይህን አመታት ለራሱ አልደበቀም፤ በ1948 ማስተማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በማባዣ ማሽን አባዛው።

በባንጆው ቆዳ ዙሪያ የጻፈውም የሚታወቅ ነው። ጓደኛው ዉዲ ጋትሪ ጊታሩ ፋሺስት እንደሚገድል ጽፎበት ነበር። ሲገር ግን የእሱ መሣሪያ ጥላቻን ከብቦ እጅ እንደሚያሰጥ ጻፈ። መክበብ ደግሞ ብዙ ሰው ይጠይቃል።

«ዊ ሻል ኦቨርካም» በቻርልስተን የትምባሆ ሠራተኞች አድማ ላይ ይዘመር የነበረ መዝሙር ነው። ያኔ ቃሉ «ዊል» ነበር፤ በኋላ «ሻል» ሆነ። ሲገር ለውጡን ያደረገው እሱ ራሱ ወይም መምህርቷ ሴፕቲማ ክላርክ ልትሆን እንደምትችል ተናግሯል። በአማርኛ ብንተረጉመው ሁለቱም ያው «እናሸንፋለን» ናቸው፤ ልዩነቱ አፍ ውስጥ ነው። «ዊል» ሲባል አፍ ይጠባል፤ «ሻል» ሲባል ይከፈታል። አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቢያንጎራጉረው ለውጥ የለውም። ሺህ ሰው ድምፁን አስረዝሞ ሲይዘው ግን የአንዲት አናባቢ ነገር ቀላል አይደለም።

በኦገስት 1955 ኮሚኒስት አዳኙ የምክር ቤት ኮሚቴ ጠራው። ስለ እምነቱና ስለ ባልንጀሮቹ አልናገርም አለ፤ ዘፈኖቹን ግን ልዝፈንላችሁ አላቸው፤ አልፈለጉም። በ1961 አንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በማግሥቱ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ሻረለት። ትልልቆቹ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በራቸውን ዘግተውበት ስለነበር በየኮሌጁና በየልጆች ካምፑ እየዞረ ስንኝ ሲያቀብል ከረመ።

በ1967 በሩ ሲከፈትለት ደግሞ ሌላ ሙያ ይዞ ገባ። ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን የዘፈነው ዘፈን ታሪክ በ1942 በሉዊዚያና ልምምድ ላይ ያለ የጦር ጓድ ነው፤ አለቃው ጥልቀቱን ያላወቀውን ጭቃማ ወንዝ ተሻገሩ እያለ ይነዳቸዋል። የቬትናም ስም አይነሣም፤ የፕሬዚዳንቱም። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ወርቁ ገና ውሃው ጉልበት ላይ ሳይደርስ ይታያል። ሲቢኤስም ስላየው ቆርጦ ጣለው፤ በማግሥቱ ዓመት ግን ተላለፈ። እኔ ብሆን፣ ወሬውን ወደ ዛሬ የሚያመጣውን የመጨረሻውን ቤት እተወው ነበር። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን በእጃችን ሲያስጨብጠን ዘፈኑ ትንሽ ይቀልብኛል።

የሲገር የሠለጠነ ጆሮም ይስታል። የደቡብ አፍሪካዊውን የሰለሞን ሊንዳን «ምቡቤ» ከሸክላ ሲገለብጥ የዙሉውን ቃል አሳስቶ «ዊሞዌ» ብሎ ሰማው፤ ዓለምም በስሕተቱ ዘፈነው። ቃሉስ ምንም አይደል፤ ዘፈኑ ሀብት ሲያፈራ ሊንዳ ግን በ1962 ድሃ እንደሆነ ሞተ። ሲገር ለእሱ አንድ ሺህ ዶላር ቢልክም ነገሩን ጠንክሮ ባለመከታተሉ በኋላ ተጸጽቷል።

ጃንዋሪ 18 ቀን 2009፣ ከኦባማ በዓለ ሲመት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከሊንከን መታሰቢያ ፊት የቆመው ሲገር የ89 ዓመት አዛውንት ነበር። ከጎኑ ብሩስ ስፕሪንግስቲንና የልጅ ልጁ አሉ። የሚዘፈነው የጋትሪ ዘፈን ነው። ሲገር ድምፁ አልቆ ነበርና ብዙውን ዜማ ለሌሎቹ ተወላቸው፤ እሱ ስንኙን አስቀድሞ ይጮኻል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚዘለሉትን ቤቶችም አልዘለለም፦ «የግል ይዞታ» የሚለው ሰሌዳ፣ በእርዳታ ቢሮ ደጃፍ የተሰለፉት ረሃብተኞች። እነዚያንም አንድ በአንድ፣ በትንፋሹ ክፍተት፣ አቀበላቸው።