ፏፏቴውና ገደሉ፦ የሞሪሺየስን ጠረፍ ከአየርና ከአሸዋ ላይ ማንሣት

ሞሪሺየስን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንድ ምስል ሳያይ አይቀርም። በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ሌ ሞርን ብራባንት ከተባለው ተራራ ግርጌ፣ ውቅያኖሱ ተሰንጥቆ ወደማይታይ ጥልቀት ሲንደረደር ይታያል። «የባሕር ውስጥ ፏፏቴ» የሚል ስም የወጣለት ይህ ትዕይንት በሄሊኮፕተርና በድሮን ተደጋግሞ ተነሥቷል። ምስሉ ውብ ነው። ሆኖም ከፍታ ራሱ ታሪክ በተሸከመበት ጠረፍ ላይ፣ ካሜራው የሚቆምበት ቦታ ማን እንደሚታይና ማን እንደሚሰወር ይወስናል፤ የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ይኸው ነው።

አስቀድሞ የምስሉን አሠራር እንመልከት። በቦታው የሚወድቅ ውሃ የለም። ቁልቁል የሚፈስ የሚመስለው፣ የባሕሩ ጅረት ከኮራሉ አጥር ውስጥ እየጠረገ ወደ ጥልቁ የሚያወጣው አሸዋና ደለል ነው። ቀለሙም የራሱን ድርሻ ይወጣል፤ ውሃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ስለሚውጥ፣ ነጭ አሸዋ በቅርብ የተነጠፈበት ስፍራ ፈካ ያለ አረንጓዴ ሰማያዊ ሲሆን ጥልቁ ይጠቁራል። ዓይናችን ጥቁረቱን እንደ ገደል፣ የደለሉን መስመሮች እንደ ወራጅ ውሃ ያነባቸዋል። ፎቶ አንሺውም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ይመርጣል። ፀሐይ ዝቅ ስትል የውሃው ነጸብራቅ ወለሉን ስለሚሸፍንበት ከፍ እስክትል ይጠብቃል። ነጸብራቁን ለመቀነስ ሌንሱ ላይ ፖላራይዘር ይገጥማል። ተራራውና «ፏፏቴው» አንድ ላይ እንዲገቡለትም ካሜራውን አጋድሎ ይይዛል። በዚያው ሰዓት አሸዋው ላይ የቆመ ሰው የሚያየው በአግድም የተዘረጋ የቀለም ለውጥ ነው። ፏፏቴውን የወለደው የባሕሩ ወለል ከካሜራው ማዕዘን ጋር ተባብሮ ነው።

የዚህ ማዕዘን ዋጋ የሚታወቀው ወደ ተራራው ስንመለስ ነው። ሌ ሞርን ወደ 556 ሜትር ከፍታ ያለው የባዛልት አለት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመንና በ19ኛው መጀመሪያ፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች በዋሻዎቹና በአናቱ ላይ ተሸሽገው ኖረዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 ቦታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን የነፃነት ተጋድሎ መነሻ አድርጎ ነው። በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚለው፣ ባርነት በቀረበት እ.ኤ.አ. በ1835 አዋጁን ሊያበስሩ የመጡትን የመንግሥት ሰዎች ከሩቅ ያዩ ሸሺዎች «ሊይዙን መጡ» ብለው ራሳቸውን ከገደሉ ወረወሩ።

ከአየር ሲነሣ ይህ ገደል ያንሳል። ሸሺውን ከአሳዳጁ የጋረደው ቁመት፣ ከበላዩ በሚበር ካሜራ ፊት የባሕሩ ማጀቢያ ሆኖ ይቀራል። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ፣ ከላይ ወደ ታች ማየት ለዚያ ተራራ አዲስ አለመሆኑ ነው። አናቱ ላይ ለተሸሸገ ሰው ጠረፉን መቃኘትና የሚመጣውን መለየት የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ትውፊቱ ራሱ ከከፍታ ላይ ሆኖ ስለማየትና ያዩትን ስለመሳት የሚናገር ነው። የፏፏቴው ፎቶ ይህንኑ የእይታ ስፍራ ሲወርስ ሥጋቱን ትቶ ውበቱን ብቻ ወሰደ።

ከአሸዋው ላይ የተነሣ ፎቶ ለገደሉ ቁመቱን ይመልስለታል፤ ተመልካቹ አንገቱን ቀና ለማድረግ ይገደዳልና። ይህ ማለት ግን የአሸዋው ካሜራ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሰፊ ሌንስ ሰማዩን አስፍቶ ተራራውን ያኮስሰዋል። ለሆቴል ማስታወቂያ የሚነሣው ፎቶም ሕንፃውን ከጀርባ፣ ባዶ አሸዋ ከፊት አድርጎ፣ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ጠረፍ ይፈጥራል። አጥጋቢው ፎቶ ራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ የተነሣው ነው፤ አለቱ ከፊቱ ካለው ጀልባና ከጀልባው ሰው ጋር ሲነጻጸር ግዝፈቱ በልኩ ይታያል።

የአየር ካሜራን በጅምላ መኮነንም ስሕተት ይሆናል፤ የዋካሺዮ መርከብ አደጋ ምስክር ነው። ይህ የጃፓን ኩባንያ ንብረት የሆነ የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2020 በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ፣ ፖይንት ዴስኒ አጠገብ፣ ከኮራሉ ላይ ወጥቶ ተቀረቀረ። በኦገስት መጀመሪያ ነዳጁ ማምለጥ ጀመረ፤ ወደ 1,000 ቶን የሚገመት ዘይት ባሕር ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ጥቁሩ ዘይት በሰማያዊው ውሃ ላይ እንዴት እንደተጋደመና ወዴት እንዳመራ ያሳየው የአየር ፎቶ ነው፤ ከዳርቻው የቆመ ሰው የጉዳቱን ስፋት በዓይኑ ሊለካው አይችልም ነበር። ከዳርቻው የተነሡት ፎቶዎች በበኩላቸው የሰዉን ሥራ አቆዩልን፦ ነዋሪዎች የሸንኮራ አገዳ ቅጠልና ገለባ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሰፍተው፣ ዘይቱን የሚያግድ ተንሳፋፊ አጥር ሲያበጁ፣ እስከ ክርናቸውም በጥቁር ዘይት ተነክረው። አንዱ የጉዳቱን መጠን፣ ሌላው የሰዉን ምላሽ መዘገበ፤ ሁለቱም ቀንና ቦታ ስለነበራቸው ማስረጃ ሆኑ።

የሌ ሞርን ምስል የጎደለው ይህ ነው። «ገነት» ከሚል መግለጫ በቀር ታሪክም ስምም ሳይኖረው ይዞራል። ስለዚህ የጠረፍ ፎቶን ስንመዝን የካሜራውን ከፍታ ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ከፍታው ምን ገለጠ፣ ምን ሰወረ፣ መግለጫውስ የተሰወረውን ጠርቶታል ወይ ብለን እንጠይቅ። አዘጋጆች የፏፏቴውን ፎቶ ሲያትሙ ከአሸዋው የተነሣውን ገደል አጠገቡ ያድርጉት፤ ከሥሩም ተራራው የማን መጠጊያ እንደነበረ ይጻፉ። ለነፃነታቸው ሲሉ ያንን አለት የወጡ ሰዎች በገዛ ተራራቸው ፎቶ ላይ ሊጠቀሱ ይገባል።