ትራክተሩ ሲያልፍ

አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ይዘን ቆመናል። አንድ ግዙፍ ትራክተር በሎቤድ ተጭኖ በጅማ መንገድ አለፈ። አራቱም ጎማዎቹ እኩል፣ አንዱ ብቻ የሰው ቁመት የሚያህል። ከፊቴ ያለው ወጣት "አሁን ገና አደግን!" ሲል ሰልፉ ሳቀ። ከኋላዬ የቆሙት አዛውንት ግን አልሳቁም።

"እኛን ከአርሲ የነቀለን እሱ ነው፣ ልጄ" አሉ።

እውነታቸውን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በስዊድን እርዳታ ጭላሎ ላይ ሥራ የጀመረው ካዱ ዓላማው ትንሹን ገበሬ ማንሳት ነበር። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ እርሻን አዋጭ ሲያደርገው ግን የነቃው ባለመሬቱ ሆነ። ትራክተር ያለቀረጥ ይገባል፤ እንግዲህ ጭሰኛ ለምኔ! ሲሶና እኩል ከመካፈል ሁሉንም አርሶ ማፈስ ይሻላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ ስንቱ አራሽ ካረሰው መሬት ላይ አልነበረም።

በማሽኑ ቂም የለኝም። ሚኒሶታ ውስጥ የስታይገር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያቸውን ግዙፍ ትራክተር እዚያው እርሻቸው ላይ የሠሩት፣ የገበያው ለሰፊ መሬታቸው ቢያንሳቸው ነው። የኛ አብዛኛው ገበሬ ማሳ 1 ሄክታር እንኳ አይሞላም። ታዲያ የርክክብ ዜና ስንሰማ የፈረስ ጉልበቱ ይነገረናል፤ የማን ድንበር ፈርሶ እንደሚዞር ግን አይነገረንም። "ኩታ ገጠም አለ እኮ" ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፤ ገበሬው የማሳው ባለቤት ሆኖ ከቀጠለ።

ታክሲው መጣ። ወጣቱ አዛውንቱን አስቀደማቸው።

"አባባ፣ ስንት በሬ ነበራችሁ?"

"ሁለት" አሉት፣ "ቡሬና ዳለቻ።"