ፍየሎቹ የሌሉበት ናፍቆት

ስለ ስደት የሚዘፈነውን ዘፈናችንን ልብ ብዬ ባዳመጥሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ለመሆኑ ይህ ሰው የሚሠራው ምንድን ነው? አገሩን እንደሚናፍቅ ነግሮናል። እናቱን፣ ተራራውን፣ ዓመት በዓሉን ቆጥሮልናል። ጠዋት ተነሥቶ የሚይዘው ዱላ ይሁን አካፋ፣ አሠሪው ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ደመወዙ ስንት ወር እንደተያዘበት ግን አንዲት ስንኝ አልተረፈችለትም።

ይህን የምለው ሰሜን ወሎን እያሰብሁ ነው። ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከወልድያ ዙሪያ ወደ ሳዑዲ የሚነጉደው ወጣት ብዙውን ጊዜ የገበሬ ልጅ ነው። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያም የጂዛን ተራራ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በዚያ መንገድ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል። በሕይወት ያለፈው ወንድ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ፍየል፣ ግመል ወይም የሰው እርሻ ነው። ሀብሩ ላይ የአባቱን ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ቀይ ባሕርን የሚሻገረው የባዕድ ከብት ሊጠብቅ ነው! ከዚህ የበለጠ የግጥም ጉዳይ ከየት ይመጣል? ዘፋኞቻችን ግን አልፈውታል።

ጥፋቱን በከፊል በዜማው ላይ አሳብባለሁ። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከዚያው ከወሎ ምድር የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው (አምባሰል እንዲያውም የሀብሩ ጎረቤት ነው)። ክራሩ ገና ሲነካ ሆድ ይባባል። ዜማው አስቀድሞ ካለቀሰ ገጣሚውን ማን እንዲደክም ያስገድደዋል? «አገሬ» ካለ በቂው ነው። የገጠሩ ቃል ግጥም እኮ እንዲህ አልነበረም፤ አራሹ በሬውን በስሙ እየጠራ ነው የሚያንጎራጉረው።

አየርላንዶችም ስለ ለምለሚቱ አገራቸው የሚያስለቅስ ዘፈን ሞልቷቸዋል። ከዶኒጎል የወጣው የድሃ ገበሬ ልጅ ፓትሪክ ማክጊል ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በልጅነቱ ለሰው እርሻ የተቀጠረ፣ ኋላም ስኮትላንድ ተሻግሮ ድንች የለቀመ ሰው ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ቺልድረን ኦቭ ዘ ዴድ ኤንድ» በተባለው ልብ ወለዱ በስትራባን ገበያ ገበሬዎች ልጆችን እንደ ከብት እያገላበጡ ሲቀጥሩ፣ ድንች ለቃሚዎቹ በጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ሲውሉ እናያለን። መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም፤ ወደ ኋላ ላይ የፍቅር ታሪኩ እንባ ይበዛበታል። ደራሲው የደፈረው ነገር ግን ትልቅ ነው፤ ከቤት የሚመጣው ደብዳቤ ገንዘብ ይጠይቃል። ልጁ ቤቱን ይናፍቃል፤ የሚናፍቀው ቤት ደግሞ ይበላዋል።

በእኛ ዘፈን እናት ምንም ጠይቃ አታውቅም፤ ታለቅሳለች እንጂ። ታዲያ ለደላላው ተብሎ በሬው የተሸጠው ከየትኛው ቤት ነው? ልጁ የመን ላይ ታግቶ ማስለቀቂያ ሲጠየቅበት ስልኩን የሚያነሣው ማን ነው? በሐዋላው ቆርቆሮ የሚለብሰውስ ጣሪያ የማን ነው? እናቶችን መክሰሴ አይደለም። መሬቱ ለልጆች ተከፋፍሎ ባለቀበት፣ ዝናቡ በማይታመንበት አገር ልጅን መላክ ሌላ አማራጭ ያጣ ሰው ውሳኔ ነው። ዘፈኑ ግን ይህን ውሳኔ ከደበቀ ናፍቆቱን ራሱን ውሸት ያደርገዋል።

ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ከተመለሱት ብዙዎቹ መልሰው ያንኑ መንገድ ያዙ። በዘፈናችን ብቻ ለሚያውቃቸው ሰው ይህ እንቆቅልሽ ነው፤ እንዲያ የተለቀሰላት አገር ከተገኘች በኋላ ለምን ይኬዳል? በማክጊል መጽሐፍ ውስጥ ላለፈ አንባቢ ግን ምንም እንቆቅልሽ የለውም።

በበኩሌ የምመኘው ረጅም ነገር አይደለም። መንጋው ሲቆጠር አንዲት ፍየል ጎድላ፣ እረኛው ለአሠሪው የሚመልሰውን በማያውቀው ቋንቋ ሲያሰላስል የሚያመሽበት አንድ ባቲ ነው።