ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይባ፦ የእንጨት መዓዛና የስሙ ጣጣ

ቢስቲማም ሆነ ደሴ «ወይባ ሞቀች» ከተባለ ምን አደረገች ብሎ የሚጠይቅ የለም። መሬት ተቆፍሮ ፍም ይደረግበታል፤ የወይባው ፍልጥ ይጨመራል፤ ሴትዮዋ ተቀብታ፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተጀቡና ትቀመጥበታለች። ልብሱ አንገቷ ላይ ይጠብቃል፤ ፊቷ ውጭ ይቀራል። አራስም ሙሽራም ይሞቁታል። ከቆዳዋ ላይ የሚቀረው መልክ የመነኩሴ ልብስ መልክ ነው፤ ወይባ ዛፉም ቀለሙም ነውና።

ዛሬ ይህ ጢስ በከተማ «አሮማቴራፒ» በሚል ስም ይሸጣል። ስሙን በ1937 እ.ኤ.አ. ለመጽሐፉ ርዕስ ያደረገው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሬኔ ሞሪስ ጋትፎሴ ግን የጻፈው ስለ ጢስ ሳይሆን ከዕፅ ስለሚወጣ መዓዛማ ዘይት ነበር። እንጨት በእንፋሎት ሲነጠር ዘይቱ ይወጣል፤ ሲነድ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድና ጥላሸትም አብረው ይወጣሉ። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የዋህነት ይመስለኛል።

ዘይቱም ቢሆን ከስም ጣጣ አላመለጠም። «ሴዳርውድ» የሚል ጠርሙስ የገዛ ሰው በአማርኛ ምን ይበለው? መጽሐፍ ቅዱሳችን የሊባኖሱን ዛፍ ዝግባ ይለዋል፤ የእኛ ዝግባ ግን ሌላ ዛፍ ነው። ጥድ እንዳይለው፣ መዝገበ ቃላት የፈረንጆቹን «ፓይን»ም ጥድ ብሎ ይፈታዋል። ከኮምቦልቻ በላይ በየጎፍ ደን የሚበቅለው የሐበሻ ጥድ፣ ማለትም ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ ዘይቱ በዓለም ገበያ የምሥራቅ አፍሪካ ሴዳርውድ ይባላል። የሞሮኮው ሴድረስ አትላንቲካ በቤተሰብ እንኳ አይገናኘውም፤ ጠርሙሶቹ ላይ ግን ሁለቱም «ሴዳርውድ» ናቸው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ አበርዲን ተሠርቶ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ86 የላሽ ሕመምተኞች ተጀምሮ ለ7 ወራት ዘልቋል። መዓዛማ ዘይት ከተቀቡት 43 ሰዎች 19ኙ፣ ተራ ዘይት ብቻ ከተቀቡት 41 ሰዎች ደግሞ 6ቱ መሻሻል አሳይተዋል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ነገር ግን ቅባቱ ጦስኝ፣ ሮዝመሪ፣ ላቬንደርና ሴዳርውድ የተቀላቀሉበት ነበር፤ ሴዳርውዱም የአትላንቲካው ነው። ይህን ውጤት ይዞ የየጎፍን ጥድ ለላሽ መድኃኒት ነው የሚል ነጋዴ፣ ከአራት አንዱን መዝዞ፣ እሱኑም በሌላ ዛፍ ቀይሮ ነው የሚሸጠው።

ስለ ጥንቃቄው ብዙ ማተት አያስፈልግም፦ ዘይቱ አይጠጣም፣ ሳይበረዝም ቆዳ አይነካም። በ30 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ ገደማ ሁለት በመቶ ይሆናል፤ ለአዋቂ ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም። ቆይቶ አየር የነካው ዘይት ቆዳን ያሳክካል። የልጅና የእርጉዝ ነገር የሐኪም ምክር ይፈልጋል።

የጢሱ ግን ሌላ ነው፤ አይበረዝም፣ በጠብታም አይለካም። እርጉዝ ሴት የምትስበው ካርቦን ሞኖክሳይድ ለፅንሱም ይተርፋል። ፊትን ከጋቢው ውጭ ማስቀረት የሚጠቅመው ከጋቢው ውጭ ንጹሕ አየር ሲኖር ነው፤ መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንገት ላይ የጠበቀው ልብስ የሚከለክለው ነገር የለም።