ሁለት መቶ ፈረስ በዝግታ

200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው አለመፍጠን ነው። ሹፌሮቻችን ሮዳጅ የሚሉት ጊዜ አለ፦ አዲስ ሞተር ብረቶቹ እርስ በርሳቸው እስኪላመዱ ድረስ ዙሩ ከፍ ሳይል፣ ነዳጅ በኃይል ሳይሰጠው መነዳት አለበት። የካዋሳኪ ኒንጃ ኤች 2 ኤስኤክስ ኤስኢ መመሪያም ይህንኑ ያዛል። ፍራንክፈርት ለሚኖር፣ የፍጥነት ገደብ የሌለበት አውቶባን ቅርቡ ለሆነ ሰው ትእዛዙ ቅጣት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ወደድኩት። በፍጥነት የሚነዳ ሰው ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው የተቀመጠበትን ነገር ለማየት ጊዜ ያገኛል።

አገር ቤት ሞተር ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ዕቃ አድራሹ ወይም የገጠር ጤና ባለሙያው የሚነዳው ቀላል ሞተር ነው። ኒንጃው የሚመደብበት፣ ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ሌላ ዘር ነው። የእሽቅድድም ሞተር ጉልበትና አያያዝ እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ሁለት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ቀኑን ሙሉ ቢሄድም ወገብ እንዳይቆርጥ ይፈለጋል። ሁለቱ ፍላጎቶች አይስማሙም። እሽቅድድም ቀላልና ጠንካራ አካል፣ ጎንበስ ያለ አቀማመጥ ይወዳል፤ ረጅም መንገድ ደግሞ ለስላሳ መቀመጫ፣ ነፋስ የሚከልል መስታወት፣ ጭነት የሚችል ጀርባ ይጠይቃል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሞተር ጥራት የሚለካው ባለው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱን ምን ያህል ገርቶታል በሚለውም ነው።

የዚህኛው የዘር ሐረግ ደግሞ የተገራ አልነበረም። ኤች 2 የሚለው ስም በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከወጣው ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 748 ሲሲ ሞተር የመጣ ነው፤ ያ ሞተር ነዳጅ ሲሰጡት የፊት ጎማውን ከመሬት በማንሳት የታወቀ ነበር። ስሙ እንደገና የተነሣው በ2014 ነው። በዚያ ዓመት ኮሎኝ ውስጥ በሚካሄደው የሞተር ሳይክል ትርዒት ላይ ለውድድር ሜዳ ብቻ የተሠራው ኤች 2 አር ቀረበ። በሰኔ 2016 ቱርካዊው ተወዳዳሪ ኬናን ሶፉኦግሉ ኢዝሚት ባሕረ ሰላጤ ላይ በተሠራው አዲስ ድልድይ 400 ኪሎ ሜትር በሰዓት አስገባው። ሚላን ላይ በኅዳር 2017 የታየው ኤስኤክስ የዚያ ቤተሰብ አባል ነው፤ ግን መንገድ እንዲሄድ፣ ሰው እንዲጭን፣ ጎረቤት እንዳያስቀይም ተደርጎ ያደገ።

የዚህ ሁሉ ጉልበት ምንጭ ሱፐርቻርጀሩ ነው። ሱፐርቻርጀር አየርን በግድ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ተርቦ የሚዞረው በጭሱ ግፊት ስለሆነ ጭሱ እስኪበረታ ይጠብቃል። ሱፐርቻርጀሩ ግን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በጥርስ ስለተያያዘ እጅ ነዳጅ ሲሰጥ እሱም ወዲያው ይታዘዛል።

ይህ መሣሪያ ከአራቱ ሲሊንደሮች ጀርባ፣ ከካምቢዮው በላይ ስለተሸጎጠ ሞተሩ ላይ ሆኖ አይታይም። እኔ ያየሁት ሻጮቹ ለማሳያ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡትን፣ ለብቻው የወጣውን የአየር መንኮራኩር ነው። ስፋቱ 69 ሚሊ ሜትር ነው፤ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ተቀጥቅጦ ከጠነከረ አንድ ወጥ አሉሚኒየም፣ በአምስት አቅጣጫ በሚንቀሳቀስ የኮምፒውተር መቁረጫ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ብየዳ የለው፣ ብሎን የለው፣ መጋጠሚያ የለው። ጫፉ ላይ ስድስት ክንፎች ይቆጠራሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ በመካከላቸው ሌሎች ስድስት ይበቅሉና መሠረቱ ላይ 12 ይሆናሉ። አየሩ ሲገባ መግቢያው እንዳይጠበው ክንፎቹ ማነስ አለባቸው፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ገፍተው እንዲያስወጡት መብዛት አለባቸው። ቁራጩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ለሚያየው ክንፎቹ ፊት ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። መቁረጫው የተወው ዱካ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አየሩን አቅጣጫ እንዲያስይዙ ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው።

ይህ መዳፍ የማይሞላ ነገር ከሞተሩ ዙር ከ9 እጥፍ በላይ ይሽከረከራል። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 11,000 ዙር ላይ ስለሆነ መንኮራኩሩ ያን ጊዜ ከ100,000 ዙር ያልፋል። በወረቀት ላይ ብናሰላው የክንፎቹ ጫፍ በሰከንድ ወደ 360 ሜትር ይጓዛል፤ ድምፅ እንኳን በተራ አየር ውስጥ የሚሄደው 340 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚዞር ነገር ሚዛኑ ጥቂት ቢዛነፍ ራሱን ይበትናል። ካዋሳኪ ይህን ከሌላ ኩባንያ አልገዛም። አውሮፕላንና የጋዝ ተርባይን የሚሠራ ቤት ስለሆነ የተርባይን ባለሙያዎቹን ከሞተር ሳይክል ባለሙያዎቹ ጋር አቀናጅቶ እዚያው ቤት ውስጥ ሠራው።

ከዚህ በኋላ ያለው ብልሃት ሙቀትን መቆጣጠር ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ጉልበት ይቀንሳል። ብዙ ሠሪዎች የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ተጨማሪ ራዲያተር ይገጥማሉ። እዚህ ያ የለም። መንኮራኩሩ አየሩን ያለ ብዙ ልፋት ስለሚገፋ ሙቀቱ ከመነሻው ያነሰ ነው፤ የአየር ማጠራቀሚያው ሳጥንም ፕላስቲክ ሳይሆን አሉሚኒየም ስለሆነ ግፊቱንም ይችላል፣ ሙቀቱንም ያስወጣል። በዚህ ዘዴ ብዙ ክብደትና ቦታ ተርፏል። ሱፐርቻርጀሩን፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያረሰርሰው ዘይትም አንድ ነው። ለመንገድ ሲባል የተደረገው ትልቁ ለውጥ ደግሞ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ይገኛል፦ ከኤስኤክስ በፊት በወጣው አዲሱ ኤች 2 ላይ 8.5 ለ 1 የነበረው የእምቅታ መጠን ወደ 11.2 ለ 1 ከፍ ብሏል። ነዳጁ በሚገባ እንዲቃጠልና ዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበት እንዲገኝ ያደረገው ይህ ነው። ሮዳጅ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ዝቅተኛው ዙር ብቻ ነው የተፈቀደለት፤ እዚያም ቢሆን ሞተሩ አይንገራገጭም፣ አይለምንም።

ከቪስባደን ወጥቶ የራይንን ወንዝ በስተቀኝ ዳርቻው ተከትሎ የሚወርደው ቢ 42 ለዚህ ዓይነት ትውውቅ የተመቸ መንገድ ነው። ሩደስሃይምን አልፎ ወደ ሎረላይ ገደል ሲቃረብ በአንድ በኩል የወይን ተክል የተሸከመ ተዳፋት፣ በሌላ በኩል ወንዙ አለ፤ ፍጥነቱም በየመንደሩ ይገደባል። እዚያ ነው የካምቢዮው ሥራ የገባኝ። በተለመደው የሞተር ሳይክል ካምቢዮ ማርሽ ሲቀየር ጥርሶቹ ራሳቸው ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። እዚህ ጥርሶቹ ካሉበት አይነቃነቁም፤ የሚንሸራተቱት በመካከላቸው ያሉ ቀላል ቀለበቶች ናቸው። ቀለበቱ ቀላል ስለሆነ እግር ብዙ አይገፋም፤ ፍሪሲዮን ሳይነካም ወደ ላይም ወደ ታችም ማርሽ ይገባል። የሚሰማው አጭርና ደረቅ ጠቅታ ብቻ ነው። ነዳጁ በድንገት ሲለቀቅ ደግሞ የታመቀው አየር ሲወጣ ከመቀመጫው ፊት ጭርር የሚል ድምፅ ይመጣል። ማርሚታው ጨዋ ስለሆነ ይህን የሚሰማው ነጂው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ሻንሲውን ያሳዩኝ ጋሼ ናቸው። አዲስ አበባ ጋራዥ የነበራቸው፣ ዕድሜያቸውን በብረት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሊመርቁልኝ መጥተው ቀለሙንም ጉልበቱንም ሳይጠይቁኝ ባትሪ አምጣ አሉና ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«ጋሼ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል።»

«ተወው ልጄ። ጥበቡን ገልብጠህ ካላየኸው ሸማኔውን አታውቀውም።»

ሻንሲው ከጠንካራ የብረት ቱቦ የተሳሰረ ነው። ቱቦዎቹ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ከፕላስቲኩ ሽፋን በታች ስለሆኑ ባለቤቱ ዘመኑን ሙሉ ላያያቸው ይችላል። ጋሼ ባትሪውን አስጠግተው በአውራ ጣታቸው አንዱን ብየዳ ዳበሱት። የብየዳው ሞገድ እኩል እኩል ነው፤ የረገፈ ብረት የለም፣ ቀዳዳ የለም፣ በቀለም የተሸፈነ እብጠት የለም። ውጭ ያለውና ከውስጥ የተደበቀው አንድ ዓይነት ነው። «ይሄን ሲሠሩ ማንም አያየውም ብለው አላለፉትም» አሉኝና ተነሡ። ሌላ አስተያየት አልሰጡም፤ ከእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የብረት ቱቦ የተመረጠው ለመልኩ ብቻ አይደለም። ክፍት ስለሆነ ሱፐርቻርጀሩ የሚያወጣው ሙቀት መውጫ ያገኛል። የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ባለ አንድ ጎን ነው። ከመቀመጫው በታች ያለው ክፍል ለሁለት ሰውና ለሻንጣ ተብሎ ተጠናክሯል፤ ሞተሩ እስከ 195 ኪሎ እንዲጭን ተፈቅዶለታል። የፊት ፍሬኑ የጣሊያኑ ብሬምቦ ሥራ ነው። የፍሬን እጀታው በአንድ ጣት ይታዘዛል፤ ጣቱ የጠየቀውን ያህል ይይዛል እንጂ አይነክስም።

ታውኑስ ተራሮች ላይ፣ ወደ ግሮሰር ፌልድበርግ በሚወጣው ጠመዝማዛ ሲመሽ የተደነቅኩበት ሌላ ነገር አለ። ሞተር ሳይክል ሲዞር ያጋድላል፤ ሲያጋድል የፊት መብራቱ ወደሚሄድበት ሳይሆን ወደ ውጭ ያበራል፤ ነጂውም ወደ ጨለማ ይታጠፋል። እዚህ በግራና በቀኝ ሽፋኑ ውስጥ ሦስት ሦስት ትናንሽ መብራቶች ተቀብረዋል። ሞተሩ ማጋደሉን እየለኩ ተራ በተራ ይበራሉ፦ ትንሽ ሲያጋድል አንዱ፣ ሲጨምር ሁለተኛው፣ አብዝቶ ሲያጋድል ሦስተኛው። የመንገዱ ውስጠኛ ጠርዝ፣ የወደቀው ቅጠል፣ እርጥቡ አስፋልት ከመድረሴ በፊት ይታየኛል። ቀጥ ሲል ደግሞ መብራቶቹ ሳይታወቅ ይጠፋሉ።

በ2022 የታደሰው ሞዴል ላይ የገባው የቦሽ ራዳርም ጠባዩ እንዲሁ ነው። ከፊት ያለው ራዳር ከቀዳሚው መኪና ጋር ርቀት ይጠብቃል፤ ከኋላ ያለው ከጎን የሚመጣውን ይጠቁማል። መኪና ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሞተር ሳይክል ላይ ግን ፍሬን በድንገት ቢያዝ ነጂው ሚዛኑን ሊስት ስለሚችል ማሽኑ በጣም ጨዋ መሆን አለበት። ይህኛው ነዳጁን ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ፍሬኑንም ቀስ ብሎ ይይዛል፤ ከኋላዬ የተቀመጠችው ባለቤቴ ሰው እንዳልያዘው አላወቀችም።

የሚጎድለውም አለ። ነዳጅና ዘይት ሲሞላ ከ260 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሲንቀሳቀስ ክብደቱ ይጠፋል፣ ተዳፋት ላይ በእግር ወደ ኋላ ለሚገፋው ሰው ግን ይቆጠራል። የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ነው፤ ረጅም መንገድ ከሚሄዱ ሞተሮች ብዙዎቹ ጥገና የማያበዛውን ሻፍት ስለሚጠቀሙ ጉዞ ላይ ካቴና ማጽዳትና መቀባት የማይወድ ሰው ሊያስብበት ይገባል። በበጋ የከተማ መጨናነቅ ውስጥም ሙቀቱ ጉልበት ላይ ይሰማል።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። ይህ ሞተር ብዙ ሙያ አለው፤ አብዛኛውን ግን አያወራውም፦ መንኮራኩሩ ተሸሽጓል፣ ብየዳው ከሽፋን በታች ነው፣ መብራቱ ሳይጠሩት መጥቶ ሳያሰናብቱት ይሄዳል። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ ለሚመላለስ ሰው አልመክረውም፤ ግማሹ ገንዘቡ ለማይጠቀምበት ነገር የተከፈለ ይሆናል። አገር አቋርጦ ለሚሄድ፣ ከኋላው ሰው ለሚያስቀምጥ፣ ካቴናውን ለመንከባከብ ለማይሰንፍ ግን ዋጋውን የሚያወጣ ሥራ ነው። እኔ እስካሁን ከነዳኋቸው ባለ ሁለት ጎማዎች መካከል ከዚህ የበለጠ ተጨንቀው የሠሩት አላየሁም።