ሪህን በምስል መለየት፦ የ2015ቱ መስፈርት በጎሮ ሲመዘን

በሀገራችን «ሪህ» ሰፊ ስም ነው። ጉልበቱን የሚቆረጥመውም፣ ወገቡን የሚያመውም፣ የእግሩ አውራ ጣት በሌሊት አብጦ የቀላበትም «ሪህ ይዞኛል» ይላል። የዩሪክ አሲድ ክሪስታል በመገጣጠሚያ ውስጥ ተከማችቶ የሚያስከትለውን በሽታ ከሌሎቹ መለየት የባለሙያው ፈንታ ነው። ለዚህም በብዛት ከሚጠቀሱት ሰነዶች አንዱ የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅና የአውሮፓ ፀረ ሩማቲዝም ሊግ እ.ኤ.አ. በ2015 በጋራ ያወጡት የምደባ መስፈርት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መስፈርቱ ለምስል ምርመራ የሰጠውን ቦታ መመዘን ነው።

የሰነዱ ጥንካሬ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በታመመው መገጣጠሚያ ፈሳሽ ወይም በቶፈስ ውስጥ ክሪስታሉ ከታየ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። ይህ ካልተገኘ ከ23 ነጥብ ቢያንስ 8 ያገኘ ሕመምተኛ ሪህ አለበት ተብሎ ይመደባል። ከ23ቱ ውስጥ 8ቱ የምስል ናቸው፤ 4ቱ በአልትራሳውንድ ለሚታይ ድርብ መስመር ወይም በባለሁለት ጨረር ሲቲ ስካን ለሚታይ ክምችት፣ 4ቱ ደግሞ በእጅ ወይም በእግር ራጅ ላይ ለሚታይ የአጥንት መሸርሸር ይሰጣሉ።

ድክመቱም ከዚሁ ይጀምራል። ሁለቱ ማስረጃዎች እኩል ነጥብ ቢያገኙም ዕድሜያቸው እኩል አይደለም። ድርብ መስመር የክሪስታሉ ንጣፍ በልም አጥንት ላይ ማረፉን ሲያሳይ፣ መሸርሸር ግን በአብዛኛው በሽታው ለዓመታት ከቆየ በኋላ የሚመጣ ጠባሳ ነው። ስለሆነም በመጀመሪያው ሕመም ወቅት ንጹሕ ራጅ «ሪህ አይደለም» አያሰኝም። የአውሮፓው ሊግ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሻሻለው የምርመራ ምክሩ ራጅ በአጣዳፊ ሕመም ጊዜ ጥቅሙ ውስን መሆኑን፣ አልትራሳውንድ ግን የበለጠ እንደሚረዳ መግለጹ ተገቢ እርማት ነው። ከዚህም ሌላ መስፈርቱ የተዘጋጀው ለጥናት ሕመምተኞችን ለመመደብ እንጂ በአልጋ አጠገብ ለሚሰጥ ውሳኔ አልነበረም።

ይህ ልዩነት ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቆ ለሚሠራ ባለሙያ ከባድ ትርጉም አለው። ከሮቤ በስተምሥራቅ፣ ወደ ሶፍ ዑመር በሚወስደው መንገድ በምትገኘው ጎሮ፣ አንድ ገበሬ ጉልበቱ አብጦና ግሎ ቢመጣ፣ ለምስል ብቻ ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ መላኩ ምን ይጠቅመዋል? የመጓጓዣ ገንዘብና የሥራ ቀን ከፍሎ ንጹሕ ፊልም ይዞ ይመለሳል። ጉልበቱ የቋጠረው መግል ከሆነ ደግሞ ልም አጥንቱ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ራጅም ይህን በጅምሩ አያሳይም። ለእርግዝና ክትትል የሚያገለግለው የአልትራሳውንድ ፕሮብም ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ ቀጭኑን ድርብ መስመር ለማየት ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ቀጥ ያለ ፕሮብና የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ቅድሚያው የመርፌ ነው። ንጽሕናው በተጠበቀ መንገድ የተቀዳ ፈሳሽ ለግራም ቀለምና ለማይክሮስኮፕ ይቅረብ። መርፌ መሰል ክሪስታል በተራ ማይክሮስኮፕም ሊታይ ይችላል፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን ፖላራይዝድ ብርሃን ያሻል። ክሪስታል መታየቱም ሆነ የግራም ምርመራ ባዶ መሆኑ ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም። ፈሳሹን መቅዳት ካልተቻለ ሕመምተኛው በአስቸኳይ ይላክ፤ በመላኪያው ወረቀት ላይም በቅድሚያ የፈሳሽ ምርመራ ይጠየቅለት።

የቀሩት 15 ነጥቦች ምስል አያስፈልጋቸውም፤ የሕመሙ ቦታ፣ ጠባዩ፣ መመላለሱ፣ ቶፈስ መኖሩና የዩሪክ አሲድ መጠን ናቸው። የዩሪክ አሲድ መጠን በሕመሙ ወቅት ትክክለኛ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ሕመሙ ካለፈ በኋላ መድገም ይገባል። በጥንቃቄ የጠየቀና የዳሰሰ ባለሙያ ምስሉን የሚፈልገው ጥርጣሬው ሳይፈታ ሲቀር ብቻ ነው።