የግርዶሽ ዋዜማ በማዛትላን

መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. አፕሪል 8 ቀን 2024) በሰሜን አሜሪካ ላይ የታየውን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ምክንያት በማድረግ ብዙ የጉዞ ማስታወሻዎች ተጽፈዋል። የጨረቃ ጥላ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ወጥቶ የሜክሲኮን የብስ የረገጠው በሲናሎአ ክፍለ ሀገር፣ በማዛትላን የወደብ ከተማ በኩል ስለ ነበር፣ በማኅበር ተሰባስበው ወደዚያች ከተማ የሄዱ መንገደኞች የጻፉት ጥቂት አይደለም። ከነዚህም ያገኘናቸውን አንብበን የተሰማንን ለአንባብያን ለማካፈል ፈለግን። ጸሐፊዎቹን ለማቃለል አይደለም፤ ሩቅ መንገድ ሄደዋል፣ ገንዘባቸውን አውጥተዋል፣ ያዩትንም በታማኝነት ለመናገር ደክመዋል። ወቀሳችን ሌላ ነው። ለ4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ጨለማ ሦስትና አራት ገጽ ሲሰጡ፣ ከዚያ አስቀድሞ በከተማዪቱ ላሳለፉት ሦስትና አራት ቀን ግን አንድ አንቀጽ እንኳ መስጠት ከብዷቸዋል።

ስለ ጨለማው የሚሉትም እርስ በርሱ የተመሳሰለ ነው። ቀኑ መሸ፣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ ወፎች ወደ ማደሪያቸው በረሩ፣ ሰው ጮኸ፣ አንዳንዱም አለቀሰ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ቢጽፈው የቀሩት ሁሉ ከግርጌው ፊርማቸውን ቢያኖሩበት ይበቃ ነበር። ሰማዩ ለሁሉም ያሳየው አንድ ነገር ነውና፣ ጸሐፊ ከጸሐፊ የሚለየው በዚያ ስፍራ አይደለም። የሚለየው በዋዜማው ነው።

ይህን ያልንበትን ምክንያት ለመረዳት የግርዶሽን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሙሉ ግርዶሽ የሚታይበት የጥላ መንገድ ወርዱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ መስመር ውጭ የቆመ ሰው፣ ፀሐይ ከመቶ 99 እጅ ብትሸፈንበት እንኳ ቀኑ ይደበዝዝበታል እንጂ አይመሽበትም፤ የፀሐይ አክሊል የተባለውን ነጭ ብርሃንም አያይም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ የተመለከቱ አንባብያን ይህን አይስቱትም፤ ጨረቃ በፀሐይ ፊት መካከል ለመካከል ብትቆምም፣ በዙሪያዋ የቀረው ቀጭን ቀለበት ቀኑን አላስመሸውም። እንግዲህ ሙሉውን ለማየት የሚሻ ሰው ጥላው ወደሚያልፍበት አገር መሄድ ግድ ይሆንበታል። ሊቃውንቱ ሰዓቱን እስከ ሴኮንዱ ድረስ አስልተው ይነግሩታል፤ በማዛትላን እንደ እኛ አቈጣጠር ከረፋዱ በ5 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ እንደሚጨልም ከብዙ ዓመት በፊት የታወቀ ነበር። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሰማዩ ደመና ይልበስ አይልበስ የሚነግረው የለም።

በአንድ በኩል ፍጹም እውቀት፣ በሌላው በኩል ፍጹም አለማወቅ አለ። ሰው በነዚህ በሁለቱ መካከል ተይዞ፣ ከማያውቃቸው ባልንጀሮች ጋር በአንድ ሆቴል ሦስት ሌሊት ሲያድር ጠባዩ ሳይገለጥ አይቀርም። አንዱ በየሰዓቱ ወደ ሰገነት እየወጣ ሰማዩን ይመረምራል፤ ሌላው ባሕሩ ደመና ያመጣብናልና በሌሊት ተነሥተን ወደ ዱራንጎ ተራሮች እንውጣ እያለ ጓደኞቹን ያስጨንቃል፤ አስቀድሞ ግርዶሽ ያየው ባላየው ላይ ይኰራል። የቴአትር ደራሲ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከወዴት ያገኛል? ያነበብናቸው ጸሐፊዎች ግን ይህን ሁሉ ሲያልፉት፣ ለመሄድ እንደ ቸኰለ ሰው ባርኔጣቸውን እንኳ ከራሳቸው ሳያወርዱ ነው።

የዋዜማን ዋጋ የተረዳች አንዲት ጸሐፊ አለች። አሜሪካዊቱ አኒ ዲላርድ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1979 በዋሽንግተን ስቴት፣ በያኪማ ሸለቆ የታየውን ግርዶሽ ለማየት ከባሏ ጋር ተራራ አቋርጣ ተጓዘች፤ ስለዚያም የጻፈችው ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመው መጽሐፏ ውስጥ ይገኛል። ይህ ድርሰት ስለ ፀሐይ ከመናገሩ በፊት ያደሩበትን ሆቴል ያሳየናል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የቀልደኛ ሰው ራስ ነው፣ ፊቱም የተሠራው ከአትክልት ነው። ሥዕሉ መናኛ ነው፤ ከግርዶሹም ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። ጸሐፊዪቱ ግን ልታስታውሰው የምትወደው ብዙ ነገር ከአእምሮዋ ሲጠፋ ይህ አለመጥፋቱን ትነግረናለች፤ እኛም እናምናታለን። ሰማዩ በተከፈለባት ሰዓት ጩኸቱ ሲሰማ አንባቢው የሚደነግጠው፣ በዚያ መናኛ ክፍል ውስጥ ከእርስዋ ጋር አድሮ ስለ ተነሣ ነው። ከዚያም በኋላ ሰዎቹ ወደ ምግብ ቤት ወርደው ቁርስ ሲበሉ፣ አንድ ተማሪ ያየውን ነገር መካከሉ ቀዳዳ ከሆነ ከረሜላ ጋር ያመሳስለዋል። በትልቁ ነገር አጠገብ ትንሹን የማኖር ጥበብ ይህ ነው።

የሆነ ሆኖ በዚህ ድርሰት ውስጥም የአገሩ ሰው እምብዛም አይታይም። ያኪማ ለጸሐፊዪቱ ባዕድ አገር ስላልሆነ ይህ ይታለፍ ይሆናል። ከሌላ አገር ተሰባስቦ ወደ ማዛትላን የሚሄድ ማኅበር ግን የሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳም የሚያስተናግደውን ሰው ሳያይ የተመለሰ እንደ ሆነ ጉዞው በከንቱ ነው።

ማዛትላን ደግሞ ለዓይን የምትነፍግ ከተማ አይደለችም። ስሟ በናዋትል ቋንቋ የአጋዘን ስፍራ ማለት ነው። የመርከብ መብራቷ የቆመው በባሕሩ አፋፍ ባለ ኰረብታ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ ዳገቱን በእግር የሚወጣ ጐብኚ አይጠፋበትም። በጐዳናዋ የሚመላለሱት ግድግዳ የሌላቸው ትንንሽ ታክሲዎች በአገሩ ቋንቋ «የሳንባ ምች» ይባላሉ፤ ነፋሱ የሚያመጣውን በሽታ በማሰብ በቀልድ የወጣላቸው ስም ነው። ቴአትር ቤቷም የሚጠራው በዘፋኝዋ በአንኸላ ፔራልታ ስም ነው። እርስዋም እ.ኤ.አ. በ1883 ከኦፔራ ጓዶችዋ ጋር መጥታ በዚያው በቢጫ ወባ ሞተች። ይችም በማኅበር ወደ ማዛትላን የመጣች እንግዳ ነበረች፤ ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ።

ግርዶሹ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በከተማዪቱ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በሲናሎአ የታወቀ የነሐስ ሙዚቃ አለ፤ ትሩምቦን፣ ክላርኔት፣ ትልቁ ቱባና ታምቦራ የሚባለው ከበሮ ይተባበሩበታል። ሙዚቀኞቹ በባሕሩ ዳር እየዞሩ ለጠራቸው ሰው ይጫወታሉ፤ ለእያንዳንዱም ዜማ ዋጋ ይቀበላሉ፤ እንጀራቸው ይህ ነው። ከሆቴል ባለቤቶች አንዳንዶቹ፣ ድምፁ ዕረፍት ፈልገው የመጡትን እንግዶች ያውካል ብለው ገደብ እንዲደረግበት ጠየቁ። ሙዚቀኞቹም መሣሪያቸውን ተሸክመው፣ እየነፉና ከበሮውን እየመቱ በባሕር ዳሩ ጐዳና ተሰልፈው ተቃወሙ፤ ከፖሊስም ጋር ግጭት ሆነ። ሙዚቃው ግን አልቆመም።

ይህ ነገር ለግርዶሽ ጸሐፊ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በየማስታወሻው ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገነው ጸጥታ ነው፤ ሰማዩ ሲጨልም የወረደው ጸጥታ፣ የባሕሩ ጸጥታ። የዚህ ጸጥታ ዋጋ ስንት እንደ ሆነና ማን እንደሚከፍለው ግን በዚያው ሰሞን በዚያው ጐዳና ላይ ይከራከሩበት ነበር። ጸጥታውን የሚወድ እንግዳ ሳያውቀው በክርክሩ ውስጥ ገብቷል። ይህን ያስተዋለ አንድ እንኳ አላገኘንም።

ስለ እንግዳና ስለ ባለአገር በግርዶሽ ቀን መገናኘት ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጥብን፣ ከሁለት ገጽ የማይዘልቅ አንድ አጭር ታሪክ ነው። ደራሲው አውጉስቶ ሞንቴሮሶ የጓቴማላ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ወደ ሜክሲኮ ተሰድዶ አብዛኛውን ዕድሜውን በዚያው ፈጽሟል። «ግርዶሹ» የተባለው ይህ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አለ። በርቶሎሜ አራሶላ የተባለ እስፓኛዊ መነኩሴ በጓቴማላ ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፍቶበት ሲነቃ፣ ሊሠዉት የተዘጋጁ ሰዎች ከብበውት ያያል። ያን ጊዜ በአርስጣጣሊስ እውቀቱ በዚያ ቀን ሙሉ ግርዶሽ እንደሚሆን ያስታውስና፣ ብትገድሉኝ ፀሐይን አጨልማታለሁ ይላቸዋል። እነርሱም ጥቂት ይመካከራሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የመነኩሴው ደም በድንጋዩ ላይ ይፈሳል፤ ከሰዎቹም አንዱ፣ የማያ ሊቃውንት ያለ አርስጣጣሊስ እርዳታ አስልተው በመጻሕፍታቸው የመዘገቡትን የግርዶሽ ቀናት ድምፁን ሳያነሣ ሳያወርድ እየተራ ይቈጥራል።

ደራሲው ይህን ከባዶ አላመጣውም። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1504 በጃማይካ የጨረቃን ግርዶሽ አስቀድሞ በመናገር ነዋሪዎቹን አስፈራርቶ ስንቅ እንዲያመጡለት ማድረጉ የታወቀ ነው። በድሬስደን ከተማ በሚጠበቀው የማያ መጽሐፍም 405 የጨረቃ ወራትን፣ ማለትም ወደ 33 ዓመት የሚጠጋ ዘመን የሚሸፍን የግርዶሽ ሰንጠረዥ ይገኛል። የሞንቴሮሶ ጥበብ እነዚህን ሁለት እውነቶች በአንድ ረፋድ ማጋጠሙ ነው።

ነገር ግን ይህም ታሪክ ነቀፋ አያጣውም። መነኩሴው ስም አለው፣ ፍርሃትና ተስፋ አለው፣ የትውልድ አገሩንም ይናፍቃል። የሚቈጥረው ሰው ግን ስም የለውም፤ ፊቱም የድንጋይ ፊት ነው። የመሥዋዕቱም ድንጋይ ድል አድራጊዎቹ ስለ ተሸናፊዎቹ ይናገሩት ከነበረው ወሬ የተወሰደ ነው። ደራሲው የእንግዳውን ትዕቢት ሰብሮ ሲያበቃ፣ ዓይኑን ግን ከእንግዳው ተውሶ ቀረ።

በማዛትላን በዚያ ረፋድ ሰማዩን ስስ ደመና ቢሸፍነውም ግርዶሹ ታይቷል። ማስታወሻዎቹ የአክሊሉን መልክ፣ የባሕሩን ቀለም፣ የካሜራውን ዓይነት ሳይቀር ዘርዝረው ነግረውናል። ቱባ ነፊው ትንፋሹን ገትቶ ወደ ላይ አይቶ እንደ ሆነ፣ ታምቦራ መቺውም በነዚያ 4 ደቂቃዎች ዱላውን አሳርፎ ወይም እየመታ ቀጥሎ እንደ ሆነ ግን ካነበብናቸው መካከል የነገረን የለም።